ያገለገለ ካምፐር መኪና ሶላር ከጣሪያ እስከ ባትሪ እንዴት ይፈተሻል?

ባለፈው ኅዳር የእህቴ ባል ያገለገለ ካምፐር መኪና ገዝቶ ሱሉልታ ግቢው ውስጥ አቆመ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መታጠቢያ ያለው፣ ጣሪያው ላይ ፓነል የተለጠፈበት የአውሮፓ መኪና ነው። የጎረቤት ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያየው ቆይቶ «ጋሼ፣ ቤት ነው ወይስ መኪና?» ብሎ ጠየቀው። እስካሁን መልስ ያገኘ አይመስለኝም።

ሻጩ ስለ መብራቱ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሶላር አለው፣ መብራት ሄደ መጣ አያሳስብህም።» በሦስተኛው ሌሊት ካምፐሩ ጨለመ። ጠዋት የእህቴ ባል ደውሎ «ሶላሩ ሞቷል፣ አዲስ ፓነል ልግዛ?» አለኝ። ምንም እንዳትገዛ አልኩት። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ስለቆየሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ስንፈትሸው ፓነሉ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ያን ቀን የሄድንበትን መንገድ ነው እዚህ የማስቀምጠው። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸው አይቀርም። ሲዞሩ ደግሞ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ሽቦ ጨምሮባቸው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ቴስተር (ርካሹም ይበቃል)፣ ካቻቪቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ሽቦ ላይ ምልክት የሚያደርጉበት ፕላስተር ይያዙ። ሽቦ ሳይነኩ አምፒር የሚለካ፣ እንደ መቆንጠጫ የሚከፈት ሜትር ከጓደኛ መዋስ ከቻሉ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ሲገዙ ወይም ሲዋሱ የባትሪ ዲሲ መለካቱን ይጠይቁ፤ የግድግዳ መብራት ብቻ የሚለካው እዚህ አይጠቅምም።

ቀለበትና የብረት ሰዓት ያውልቁ። 12 ቮልት ሰው አይነዝርም፤ ነገር ግን የባትሪው ሁለት ጫፎች በብረት ከተገናኙ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር በአንድ ጊዜ ያልፋል። ቀለበት ጣት ላይ እንዳለ ይግላል።

1. ሽቦውን ይከተሉ፣ ሥዕሉን ይሳሉ

ምንም ነገር ሳይፈቱ ከጣሪያው ይጀምሩ። ከፓነሉ የሚወርዱት ሁለት ሽቦዎች የት እንደሚገቡ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ ይዩ። ብዙውን ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከአልጋ ሥር ወዳለች ትንሽ ሳጥን ይደርሳሉ፤ ቻርጅ ኮንትሮለሩ ያ ነው። ከእሱ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ወደ ባትሪው ይሄዳሉ። ከባትሪው ደግሞ ወደ ፊውዝ ሳጥኑና የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ግድግዳ መብራት ዓይነት ወደሚቀይረው ኢንቨርተር ሌሎች ይነሳሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባትሪው አንድ ስለሚመስለው ነው። ካምፐር ቢያንስ ሁለት ባትሪ አለው፦ ሞተር የሚያስነሳው፣ እና ቤቱን የሚያበራው። የቤቱ ባትሪ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር፣ ከሶፋው ሥር ወይም ከውጭ በሚከፈት ጓዳ ውስጥ ሊሆን ይችላል። እኛ ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ፈልገን የውሃ ታንከሩ ጀርባ ነው ያገኘነው።

ያዩትን ሁሉ በሞባይል ፎቶ ያንሱ፣ በወረቀት ላይም በሣጥንና በመስመር ይሳሉት። መነሻውና መድረሻው ያልታወቀ ሽቦ ካለ የጥያቄ ምልክት ያድርጉበት። የእህቴ ባል ሥዕል ላይ ሦስት የጥያቄ ምልክት ነበር፤ ጥፋቱም የተገኘው ከነዚያ በአንዱ ላይ ነው።

2. ባትሪው፦ ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ

ያገለገለ ካምፐር ሲገዙ ከሶላሩ ሁሉ በፍጥነት የሚያረጀው ባትሪው ነው። ፓነል ሃያ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ የእርሳስ ባትሪ ግን ባዶውን ለወራት ከቆመ አንድ ዓመትም ላይቆይ ይችላል።

በመጀመሪያ ዓይነቱን ከላዩ ጽሑፍ ይለዩ። ከላይ የሚከፈቱ ክዳኖች ካሉት ውሃ የሚሞላበት የእርሳስ ባትሪ ነው። ክዳን ከሌለውና ኤጂኤም ወይም ጄል የሚል ጽሑፍ ካለበት፣ የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ነው። መጠኑን አይተው ሲያነሱት ከጠበቁት በጣም ከቀለለ፣ ጽሑፉም ሊቲየም ወይም ላይፍፖ የሚል ከሆነ፣ ሊቲየም ነው። የሦስቱ አያያዝ ስለሚለያይ ይህን ሳይለዩ ወደሚቀጥለው አይሂዱ። ውሃ የሚሞላበት ከሆነ ክዳኑን ከፍተው ፈሳሹ ከውስጡ ሳህኖች በላይ መሆኑን ይዩ። ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፤ «ትንሽ አሲድ ጨምርበት» የሚል ምክር ከሰሙ አመስግነው ይለፉት። ቻርጅ ሲደረግ የሚነድ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ያለበት ጓዳ አየር ማስወጫ ሊኖረው ይገባል፤ አጠገቡም ክብሪት አይጫርም።

ቀጥሎ ይለኩ። ሰዓቱን መምረጥ ያስፈልጋል፦ ቀን ፓነሉ እየሞላው ሲለኩ 13 ወይም 14 ቮልት ያሳይዎትና «ጤነኛ ነው» ብለው ይሸወዳሉ። ሁሉንም ነገር ማታ አጥፍተው፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ይለኩ። ያረፈ የእርሳስ ባትሪ 12.7 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ማለት ግማሽ ያህል ቀርቶታል። 12.0 ወደ ሩብ ነው፤ 11.8 እና ከዚያ በታች ባዶ ይባላል። ሊቲየም ግን በቮልት አይታመንም፤ ከ13.3 እስከ 13.1 ባለችው ጠባብ ቦታ ውስጥ አብዛኛውን ጉልበቱን ይደብቃል። ከ12.8 ሲወርድ ግን ሊያልቅ እንደሆነ ይወቁ።

ሙሉ መሆኑ ግን አቅም አለው ማለት አይደለም። ያረጀ ባትሪ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ጆጉ ሙሉ ቢሆንም ጆጉ ራሱ ጠቧል ማለት ነው። ለዚህ ጋራዥ ውስጥ የምንጠቀምባት ርካሽ ዘዴ አለች። የ55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል ይውሰዱ፤ 4.5 አምፒር ያህል ይበላል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ የፓነሉ ሽቦ ተፈትቶ፣ አምፖሉን በፊውዝ በኩል አገናኝተው ለ5 ሰዓት ያብሩት። ይግላልና ጨርቅና ፕላስቲክ አያስጠጉት። ከ22 እስከ 23 አምፒር-ሰዓት (አምፒሩ በሰዓቱ ተባዝቶ) ይወስዳል። ከዚያ አጥፍተው ሁለት ሰዓት ያሳርፉና ይለኩ። የ100 አምፒር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ጤነኛ ከሆነ 12.4 ወይም 12.5 አካባቢ ያሳያል። 12.1 ካሳየ ከግማሽ በላይ አቅሙ ሄዷል። 11.8 ካሳየ፣ ወይም አምፖሉ 5 ሰዓት ሳይሞላው ከደበዘዘ፣ ዋጋ ሲደራደሩ ባትሪውን እንደሌለ ይቁጠሩት። የእህቴ ባል ባትሪ በሁለተኛው ሰዓት 11.6 ወርዶ አገኘነው። ይህን ከመግዛቱ በፊት ቢያደርገው ኖሮ... እሱን ለሚስቱ ትቻለሁ።

አንድ ነገር ለሱሉልታ፣ ለእንጦጦ ጀርባና ለሰንዳፋ ሰዎች፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ቦታ ላይ ከቆሙ፣ ሊቲየም ባትሪ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሊደረግ አይገባውም፤ ውስጡ ይበላሻል። ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚከላከሉበት ክፍል አላቸው፣ ርካሾቹ ግን ላይኖራቸው ይችላል። ባትሪው ከውጭው ጓዳ ይልቅ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ይህ ጭንቀት ይቀራል።

3. ቻርጅ ኮንትሮለሩ

የኮንትሮለር ሥራ ከፓነል የሚመጣውን ለባትሪው በሚስማማው ልክ መመጠን ነው። ሁለት ዓይነት አለ፤ ጀርባው ወይም ፊቱ ላይ ተጽፎ ያገኙታል፦ ፒደብልዩኤም እና ኤምፒፒቲ። ልዩነቱን በቁጥር ላሳይ። ባለ 100 ዋት ፓነል 18 ቮልት ላይ 5.5 አምፒር ይሰጣል። ፒደብልዩኤም ፓነሉን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ጎትቶ ያወርደዋል፦ 13 ቮልት በ5.5 አምፒር፣ ማለትም 72 ዋት ያህል። ኤምፒፒቲ ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር ስለሚቀይረው ከ7 አምፒር በላይ ይደርሳል። ጣሪያው ላይ ያለው ፓነል ትልቅ፣ የቤት ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ባለ 30 ቮልት ዓይነት ሆኖ ኮንትሮለሩ ፒደብልዩኤም ከሆነ ግን ከግማሽ በላይ ጉልበቱ ይባክናል። ሲገጣጥሙ ያላሰቡበት ሰዎች ሥራ ነው፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ቀጥሎ የባትሪ ዓይነት ምርጫውን ይዩ። የእርሳስ ባትሪ በአብዛኛው 14.4 ቮልት ገደማ ድረስ ተሞልቶ ከዚያ 13.6 አካባቢ ይያዛል፤ ጄል ትንሽ ዝቅ ያለ ይፈልጋል። ትክክለኛው ቁጥር ባትሪው ላይ ከተጻፈ እሱን ይከተሉ። «ኢኳላይዝ» የሚባለው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ውሃ ለሚሞላበት ባትሪ ብቻ ነው፤ ለሊቲየምና ለታሸገ ባትሪ መጥፋት አለበት። ባለቤቱ ባትሪ ቀይሮ ኮንትሮለሩን ሳይነካው የሄደበት መኪና ጥቂት አይደለም። የእርሳስ ባትሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.02 እስከ 0.03 ቮልት። ኮንትሮለሩ በሽቦ የተንጠለጠለች የሙቀት መለኪያ ካለችው፣ ጫፏ ባትሪው ላይ መለጠፏን ያረጋግጡ።

መፍታት ካስፈለገ ቅደም ተከተሉን አይርሱ፦ መጀመሪያ ፓነሉን፣ ቀጥሎ ባትሪውን ይፍቱ። ሲመልሱ ባትሪው ይቀድማል፣ ፓነሉ ይከተላል። ይህን የተማርኩት እኩለ ቀን ላይ ባትሪውን ቀድሜ ፈትቼ የደንበኛ ኮንትሮለር ካቃጠልኩ በኋላ ነው። ከኪሴ ከፈልኩ።

4. ጣሪያው

በመሰላል ይውጡ፤ ፓነሉ ላይ አይርገጡ። የተሰነጠቀ መስታወት፣ ውስጡ የገባ እርጥበት፣ የተቃጠለ ቡናማ ነጥብ፣ የላላ ማያያዣ ይፈልጉ። መስታወት የሌለው፣ እንደ ላስቲክ የሚታጠፍና ጣሪያው ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ ዓይነት ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሙቀቱን መተንፈሻ የለውም።

ፓነሉን ከኮንትሮለሩ ለይተው፣ ፀሐይ ባለበት ከ5 እስከ 7 ሰዓት ቀን ላይ ቮልቱን ይለኩ። ከጀርባው የተጻፈው ክፍት ቮልቴጅ (ከምንም ጋር ሳይገናኝ የሚያሳየው) ለትንሹ ዓይነት 22 አካባቢ ነው፤ 20 ወይም 21 ካገኙ ደህና ነው። ከሱ ግማሹን ወይም ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ካገኙ የፓነሉ አንድ ክፍል ሞቷል። ቮልት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተሰነጠቀ ፓነልም ቮልት ያሳያል። አምፒሩን ለማየት ሁሉንም መልሰው ያገናኙ፤ ባትሪው ጎደሎ ሆኖ ሳለ ከፓነሉ የሚመጣውን በመቆንጠጫው ሜትር ይለኩ። በጠራ ሰማይ፣ እኩለ ቀን፣ ከተጻፈው ሰባ ወይም ሰማንያ በመቶ ማግኘት ጥሩ ውጤት ነው።

በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ዙሪያ ዕድለኛ ነው። የምንኖረው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ብቻ ስለሆነ ፀሐይ አናታችን ላይ ትውላለች። ለአውሮፓ ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ የተለጠፈ ፓነል ጉድለት ነው፤ እዚህ ግን ይስማማል። አየሩም ቀዝቃዛ ነው፤ ፓነል ሲሞቅ ይደክማልና እንደ አፋር ካለ ሞቃት ቦታ የተሻለ ይሠራል። ጠፍጣፋ መሆኑ የሚያስከፍለው አቧራን ነው፦ በበጋ ጥርጊያ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ጣሪያው በሳምንት ቀይ አፈር ይለብሳል። ጠዋት ሳይሞቅ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠቡት።

ጥላን አይናቁ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አንድ ጥግ ላይ ቢያርፍ፣ ሴሎቹ በሰልፍ የተያያዙ ስለሆኑ የፓነሉ ግማሽ ሊተኛ ይችላል። ፖርቶ መጋላ ላይ የታሰረ ጄሪካንም ያው ነው። ደግሞ አንድ የማይታሰብ ነገር፦ በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔና በሐምሌ ግን ወደ ሰሜን ትሻገራለች። በበጋ የደቡቡ አጥር ዛፍ ያስቸግርዎት ከነበረ፣ ክረምት ላይ የሰሜኑን ይጠብቁ።

5. ማን ነው የሚበላው?

ሁሉንም አጥፍተው ከባትሪው የሚወጣውን አምፒር ይለኩ። ከ0.1 አምፒር በላይ ከሆነ የተደበቀ ተጠቃሚ አለ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው ላይ እንደሚወርድ ይዩ። እኛ አንዱን ፊውዝ ስንነቅል ከ12 አምፒር በላይ ወደ ዜሮ ወረደ። ፍሪጁ ነው።

ይህን ማብራራት ያስፈልጋል። የብዙ አሮጌ ካምፐሮች ፍሪጅ ሞተር የለውም፤ በሙቀት የሚሠራ ሲሆን በጋዝ፣ በ230 ቮልት እና በ12 ቮልት ይሄዳል። በ12 ቮልት ሲሠራ ከ10 አምፒር በላይ ሳያቋርጥ ይጎትታል። የተሠራውም መኪናው እየተነዳ ዲናሞው እንዲመግበው ነው፤ ሞተር ሲጠፋ ሪሌው፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይቆርጠዋል። ከባለቤቶቹ አንዱ ያንን ሪሌ ዘሎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝቶታል፤ ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት ይህ ሽቦ ነበር። በጋዝ ሲያሠሩትም በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ እሳቱ ሊያስቸግር እንደሚችል ይወቁ። ባለ ኮምፕሬሰር የ12 ቮልት ፍሪጅ ግን ሲሠራ 45 ዋት ያህል ወስዶ ያርፋል፤ ከሶላር ጋር የሚስማማው እሱ ነው።

ኢንቨርተሩ ሌላው ነው። ምንም ሳይሰካበት በርቶ ቢያድር እንኳ 10 ዋት ያህል ሊበላ ይችላል፤ ይህ በቀን 20 አምፒር-ሰዓት ነው። ሲጨርሱ ያጥፉት። የ1,000 ዋት ዕቃ ሲሰካ ከባትሪው 90 አምፒር ገደማ ስለሚጎትት ገመዱ ወፍራምና አጭር፣ ፊውዙም ከባትሪው ጥግ መሆን አለበት። እጅዎን ገመዱ ላይ ያድርጉ፤ የሚግል ከሆነ ቀጭን ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ማቀዝቀዣ ነፋሱ ስለሚሳሳ ኢንቨርተር የተጻፈበትን ሙሉ ጉልበት ለረጅም ጊዜ እንዲሰጥ አይጠብቁ።

እና ምጣድ። እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ከ12 ቮልት ባትሪ ይህን ማውጣት ከ300 አምፒር በላይ ነው። አይሆንም። የቡና ኤሌክትሪክ ምድጃውም ከመኪናው ውጭ በከሰል ይተካ።

መኪናው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የውስጥ ሶኬቱና ቻርጀሩ 120 ቮልት ሊሆን ይችላል። የእኛን 220 በቀጥታ ከሰኩበት በአንድ ጊዜ ያልቃል። የአውሮፓው ይስማማል።

6. ሂሳቡን በክረምት ያውጡ

ወረቀቱን ገልብጠው የሚጠቀሙበትን ይጻፉ፤ ዋት በሰዓት ይባዛል። የእህቴ ባል እንዲህ ነው፦ አራት የ5 ዋት አምፖል ለ4 ሰዓት 80፣ ላፕቶፕ 60 ዋት ለ3 ሰዓት 180፣ ቴሌቪዥን 40 ዋት ለ3 ሰዓት 120፣ የውሃ ፓምፕና ሞባይል አንድ ላይ 50። ድምሩ 430 ዋት-ሰዓት ነው። ሊገዛ ያሰበው ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ በቀን 9 ወይም 10 ሰዓት ቢሠራ ሌላ 430 ያህል ይጨምራል፤ 860 ደረሰ።

ፓነሉ 200 ዋት ነው። በበጋ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝና ሩቡ በመንገድ ቢባክን 750 ዋት-ሰዓት ያስገባል። በሐምሌ ደመና 3 ሰዓት ይቁጠሩ፦ 450። እንግዲህ ፍሪጁን ሳይጨምር ክረምትን ለጥቂት ይወጣዋል፤ ከነፍሪጁ ግን በጥርም ይጎድለዋል። ፓነል ስለመጨመር የሚታሰበው እዚህ ደረጃ ላይ፣ ከቁጥሩ በኋላ ነው።

ባትሪውንም በዚሁ ይምረጡ። የእርሳስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ ዕድሜው ይረዝማል፤ 100 አምፒር-ሰዓት ማለት 600 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። ሊቲየም ከሆነ ሰማንያ በመቶውን ያለ ስጋት መጠቀም ይቻላል፣ ወደ 1,000 ይጠጋል። ዋጋው ግን ያንገበግባል።

ደመናው ለቀናት ከጸና የዲናሞው መንገድ አለ፦ ሞተር ሲነሳ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኝ ሪሌ። ሞተሩን አስነስተው የቤቱን ባትሪ ይለኩ፤ ከ12 ወደ 13.5 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ይሠራል። አዲስ ሊቲየም ካስገቡ ግን አሮጌ ሪሌ ላይ እንዲሁ አያገናኙት፤ ዲናሞውን ከአቅሙ በላይ ሊጎትተው ይችላል። በመካከል አምፒሩን የሚገድብ ቻርጀር ይገባል።

የእህቴ ባል የፍሪጁን ሽቦ ወደ ሪሌው መለሰ፣ አንድ የ100 አምፒር-ሰዓት ኤጂኤም ባትሪ ገዛ፣ ኮንትሮለሩን ከጄል ወደ ኤጂኤም ቀየረ። ፓነሉን አልነካውም። ሥዕሉን በፕላስቲክ ሸፍኖ የባትሪው ጓዳ በር ውስጥ ለጥፎታል፤ ሁለቱ የጥያቄ ምልክቶች አሁንም አሉ። አንዱ ወደ ኋላ መብራት የሚሄድ ይመስለኛል። እስኪታወቅ ድረስ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልለን ትተነዋል።